ከአፋፉ የተጣራው «ይግባ»

ወዳጆቼ በተሰበሰቡ ቁጥር የሚያመሰግኑት አዲስ ነገር አያጡም። ዘንድሮ ምስጋናው ለስልክና ለወረቀት ሆኗል። ወህኒውና ችሎቱ በማኅተም መጻጻፍ ጀምረዋል፤ አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ በሽቦ ይነጋገራሉ፤ ስለዚህ የታሰረ ሰው ይግባኝ ከእንግዲህ መንገድ ላይ አይቀርም ይላሉ። ሲሉ እሰማለሁ፤ ጠላዬን እጠጣለሁ፤ አላምንም። ዕድሜዬን በመጻፍና በማንበብ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ወረቀት ካልነካ ሰው አልማርም።

የማስታውሰው እንጦጦ ገና ከተማ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። ባሕር ዛፍ አልመጣም ነበር፤ ጥዱ ለቤትና ለማገዶ አልቆ ጋራው ራሰ በራ ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ የሚስቴ ወንድም ቀኝ እጁን ሊያጣ ለጥቂት ተረፈ። እዚያ ያደረሰው አንድ ቃል ነው። ያተረፈው ደግሞ ወረቀት አልነበረም።

የሚስቴ ወንድም ከየካ ግርጌ የሚያርስ፣ ከእህሉ ይልቅ ወሬው የሚያፈራለት ገበሬ ነው። ቤታቸው እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ በሁለት ቋንቋ ይኖራል። በሬ የሚነዳው በኦሮምኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በአማርኛ፤ ሲጣሉ በሁለቱም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት በቅሎ ገዛ። በአገሩ ወግ ከብት የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ኋላ «የኔ ናት» የሚል ቢመጣ ዋሱ ቆሞ ይመልሳል። አማቼ ወጉን አልሳተም። ዋስ ነበረው፤ የታወቀ የጨው ነጋዴ። ነገር ግን «የኔ ናት» የሚል ወታደር ሲመጣ ነጋዴው ጨው ሊያመጣ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ከመስቀል በፊት አይመለስም።

የአገሩ ዳኛ እስከ መስቀል የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ነገሩ እስኪታይ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ልማዱ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኙ። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አንዱ ወደ ጓሮ መሄድ ሲፈልግ ሌላውን ያስፈቅድ ነበር። በመጨረሻ ከመላመዳቸው የተነሳ ወታደሩ ስለ በቅሎዋ ዓመል ለአማቼ ምክር ይሰጠው ጀመር። ሲፈረድ ከሁለቱ ይበልጥ የደነገጠው ወታደሩ ነው። በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለስ፤ የሰረቀው ሰው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ፣ ቀኝ እጁ ይቆረጥ ተባለ።

አማቼ «ይግባኝ» አለ።

በቋንቋችን ካሉት ቃላት ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። «ዳኛው ተሳስቷል» አይልም። «ዳኛው ጉቦ በልቷል» አይልም፤ ምንም እንኳ ብዙ ጊዜ ያንን ማለት ቢሆንም። ነገሬ ወደ ላይ፣ ወደ ንጉሡ ደጅ ይግባልኝ ይላል እንጂ። እንዲህ ያለ ጨዋ ቃል እጁ ሊቆረጥ በሚጎተት ሰው አፍ ሲወጣ መስማት ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም። ዳኛውም፣ «ከፊቴ ከተነሳህ በኋላ ያልከውን እኔ አልሰማም፤ ላይ ሄደህ በል» ብሎ ወደ እንጦጦ ሰደደው። እንጦጦ ሲባል ችሎቱ መስሎን ነበር። የተሰደደው ወደ ወህኒው ነው።

የሁለቱን ቦታ ልንገር። ችሎቱ ከጋራው ጫፍ፣ ከቤተ መንግሥቱ አጥር አጠገብ ነበር። ወህኒው ከማርያም በታች በወዲያኛው ተረተር ላይ። በመካከላቸው ገደል አለ። ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሻገረዋል፤ ሰው ግን ዞሮ፣ ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ በክረምት ጭቃ ግማሽ ጫማውን ትቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት በጩኸት ነው። የችሎቱ አጋፋሪ፣ ባለጉዳይ የሚያስገባና የሚያስወጣ የበር ሹም ማለት ነው፣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ይጣራል። የወህኒው አዛዥ ከማዶ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ይሰማል፣ ይመልሳል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት ሲጯጯኹ ኖረው አንድ ቀን ፊት ለፊት አልተያዩም። አጋፋሪው ወደ ወህኒ አይወርድም፤ «ወደዚያ የሚወርደው የታሰረ ብቻ ነው» ይላል። አዛዡ ወደ ችሎት አይወጣም፤ «እኔ የወጣሁ ቀን እነዚህም ይወጣሉ» ይላል። የሚተዋወቁት በድምፅ ነው። አንድ ጊዜ አጋፋሪው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ቢለወጥ፣ አዛዡ «አላውቅህም» ብሎ ቃሉን ሳይቀበል ቀረ፤ እስረኛው አጋፋሪው እስኪድን ጠበቀ ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ሥራቸውም አንድ ደንብ ብቻ አለው፤ የተባለውን እንደተባለ ማድረስ። ቃል የሚያደርስ ሰው አይጨምርም፣ አይቀንስም።

እኔና ሚስቴ ስንቅ ይዘን ወጣን። አዛዡ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ደልደል ያለ ሽማግሌ ነው፤ የሚስቴ አገር ሰው ሆኖ ተገኘ። አማቼ ከሌሎቹ ጋር ግቢው ውስጥ እግር ብረቱን ዘርግቶ ለአንድ ወፍራም ቄስ ስለ በቅሎዋ አረማመድ ያስረዳል።

«አባቴ፣ ይግባኙን ነግረውልናል?» አልኩ።

«ጧት ተጣርቼ ነግሬያለሁ። አሁን ደግሞ መልስ መጥቷል።»

«ምን አሉ?»

«ይግባ አሉ።»

«እንግዲያው ምን ቀረ?»

«ምንም። ይገባል።»

ሚስቴ መሬት ሳመች። እኔ የማልወደውን ስብከት ሳይቀር ይቅር ያልኩበት ቀን ነበር። ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ከፊታችን ይሸሽ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ቤት ገብተን ለጎረቤት ሁሉ «ይግባኙ ገባ» አልን። ጎረቤቱም አብሮን ደስ አለው፤ ወሬውን የሰማው ዳኛ ብቻ ለአንድ ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈገን።

የገበያው ዋዜማ እንደገና ስንቅ ይዘን ወጣን። አማቼ ግቢው ውስጥ የለም። ወፍራሙ ቄስ ጭንቅላቱን ወደ ጓሮ ነቀነቀልን። ከጓሮ በኩል መስኮት የሌላት አንዲት ጎጆ አለች። ከውስጥ የአማቼ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ የበግ ለምዱን ይዘሽልኛል? ይሄ ቤት ያፈሳል።»

«አንተ፣ እዚህ ማን አስገባህ?»

«ችሎቱ ነዋ።»

አዛዡ በትሩን እየጎተተ መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልን ነበር። «እዚህች ጎጆ የሚገባው ነገሩ ያለቀለት ነው» አለን። «ነገ ገበያ ይወርዳል።»

«ይግባኙስ?»

«ይግባ ብለውኝ አስገባሁት። እናንተም እዚሁ ቆማችሁ ሰምታችኋል።»

የሆነው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። «አባቴ፣ ይግባ ማለት ወደ ችሎቱ ይግባ ማለት ነው። ይግባኝ ብሏላ። ተፈቅዶለታል» አልኩት።

«አንተ ደብተራ፣ እነሱ ዘንድ ቢፈልጉት ይምጣ ይሉ ነበር። እኔን ጠርተው ይግባ ካሉኝ የሚገባው የኔ ቤት ነው። የኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ያልገባበት ይቺ ጎጆ ብቻ ነበረች።»

የንግግር ጥበብ ተምሬ ነበር። ሐሳብ በሐሳብ ማፍረስ እችላለሁ ብዬም አምን ነበር። ይህን ሐሳብ ግን የማፈርስበት ቀዳዳ አጣሁ፤ ዛሬም አላገኘሁለትም። ሰውየው ልክ ነው።

ሚስቴ ቀድማኝ መንገድ ገብታ ነበር። ገደሉን ዞረን፣ እየወደቅንና እየተነሳን፣ ችሎቱ ደጅ ደረስን። አጋፋሪው ነጭ ኩታ የለበሰ፣ እጅግ አጭር ሰው ነው። ድምፁ ግን ከዚያ ደረት የሚወጣ አይመስልም።

«የናንተ ሰው ተረትቷል» አለን። «ይግባ ብዬ ተጣራሁ። እሺ ገብቷል ብሎ መለሰልኝ። ቆመን ጠበቅን፤ ማንም አልገባም። ይግባኝ ብሎ የቀረ ተረታ ብለው ወምበሩ ፈረዱ።»

ወምበሩ ማለት ይግባኙን መጀመሪያ የሚሰሙት ዳኛ ናቸው፤ ነገሩ ወደ ንጉሡ የሚደርሰው በእሳቸው በኩል ነው።

«ጌታዬ፣ ያ ሰው የገባው ሌላ ቦታ ነው» አልኩ። «እባክዎ አሁን አምጣው ብለው ይጣሩለት።»

«እኔ አምጣው የሚል ቃል ከማን ተቀበልኩ? የተሰጠኝ ይግባ ነው። የችሎት ቃል እየለዋወጥኩ ስጣራ ብውል ይህ አንገት እዚህ ይቆይ ነበር?»

ይህም ልክ ነው። የዚያን ቀን ልክ ያልሆነ ሰው ፍለጋ ጋራውን ብዞር አላገኝም ነበር። ወምበሩ ከተቀመጡበት እየተነሱ ነበር፤ አሽከራቸው በቅሎ ጭኖ ይጠብቃል። እኔ በየትኛው ቃል ብጀምር እንደሚሻል ሳሰላስል ሚስቴ አጋፋሪውን በጎኑ አልፋ «አቤት» አለች። አቤት ያለን ሰው ሳይሰሙ መሄድ ነውር ነው። ወምበሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምን ሆነሻል?»

«ወንድሜ ይግባኝ ብሎ ገባ፣ ጌታዬ።»

«ገብቶ ከሆነ የታለ?»

«እዚያው ነው የገባው።»

«እዚያው የት?»

«ወህኒ።»

«ወህኒማ ድሮም ነበረ።»

«አሁን የገባው የወህኒው ወህኒ ነው፣ ጌታዬ። ነገ እጁን ይቆርጡታል።»

ወምበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ጤነኛ ነው። አጋፋሪውን ጠሩት።

«ምን ብለህ ተጣራህ?»

«ይግባ፣ እንደታዘዝኩት።»

«እሱስ?»

«ገብቷል አለኝ።»

ወምበሩ፣ «አንተ ያልኩህን ብለሃል፣ እሱም የሰማውን አድርጓል። ጥፋተኛ የለም ማለት ነው» አሉ። «እጁ ግን ይቆረጣል።»

እንዳልኩት ሚስቴ መሬት ስማ የወረደች ሴት ናት፤ አሁን አላለቀሰችም። ወምበሩ ነገሩን እንደተረዱት ከፊታቸው ታይቷል፤ የቸገራቸው መንገዱ ነው። ይግባ ተብሎ የወጣ የችሎት ቃል አለ። ይህን ቃል ትቶ ሌላ ቃል መላክ፣ ዛሬ ለአንድ ገበሬ ሲባል ቢደረግ፣ ነገ አዛዡ ከሁለት ቃል የትኛውን ይያዝ? «ቃሌን ብለውጠው የሚቀጥለው እስረኛ ምን ይሆናል?» አሉ። የጠየቁት እኛን አልነበረም።

«ቃልዎ አይለወጥ» አለች ሚስቴ። «ይተርጎም።»

«ምን?»

«ይህ ችሎት አማርኛ ለማይሰማ ሰው አስተርጓሚ ያቆማል። ሲተረጎም ቃልዎ ተለወጠ አይባልም። አዛዡ ያገሬ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ያሉትን ይግባ እኔ ልተርጉምለት።»

ሚስቴን ያገባኋት ለዚህ ብዬ አልነበረም፤ ግን ለዚህ ብዬ ነው ብዬ ብናገር ከዚያ ቀን ወዲህ አያሳፍረኝም። ወምበሩ ጢማቸውን ያዙ። ሳቃቸውን የደበቁበት ይመስለኛል።

«ትርጉም ከሆነ ቃሉ የኔ ነው» አሉ። «ጉሮሮው የሷ ይሁን። ውሰዳት።»

አጋፋሪው ፊቱን አጨፍግጎ ወደ አፋፉ ወሰደን። ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል፤ ወህኒው አይታይም። አጋፋሪው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ኧረ ወህኒ።»

«አቤት» አለ ጉሙ።

«የችሎት ቃል ነው። በአስተርጓሚ ይነገርሃል።»

ጉሙ መልሶ ጠየቀ።

«ለማን ነው አስተርጓሚው?»

«ላንተ።»

«እኔ አማርኛ አልችልም ያለው ማነው?»

«ስማ ብዬሃለሁ።»

ሚስቴ ነጠላዋን ታጠቀች፤ ከብት ከማዶ እንደምትጠራ ሴት ድምፅዋን አወጣች። በኦሮምኛ ችሎቱ ይግባኙን እንደተቀበለ ነገረችው፤ «አስ ፊዳ» አለች። ወደዚህ አምጡት ማለት ነው፤ ወደዚያ የሚያስኬድ ትርጉም የለውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከማዶ የአዛዡ ድምፅ በአማርኛ መጣ።

«ይቺ ቅድም ስንቅ ያመጣችው አይደለችም?»

አጋፋሪው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጉሙ አየሁ።

«ናት» አለ አጋፋሪው።

«የእስረኛ እኅት አምጣው ብትለኝ ላመጣው? እንዲህማ ከሆነ እናቶቻቸው ሁሉ ነገ አፋፍ ላይ ይቆማሉ።»

በዚህም ልክ ነው። ያን ጊዜ ልቤ ወረደ። ሁሉም ነገር ተገኝቶ፣ ቃሉ ተገኝቶ፣ ትርጉሙ ተገኝቶ፣ የጎደለው ማን እንደሚታመን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ያለው አንድ ቃል አልጨምርም ባለው አጭር ሰው አፍ ውስጥ ነው። ሚስቴ አልለመነችውም። አጠገቡ ቆመች። አጋፋሪው አንድ ጊዜ ወደ ችሎቱ ዞሮ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ማንም ያላዘዘውን ተናገረ።

«ንጉሥ ይሙት፣ ቃሏ ቃሌ ነው።»

በንጉሥ ሞት ከተማለ በኋላ ክርክር የለም። ከማዶ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የአማቼ ድምፅ፣ «ለምዱን ላምጣው ወይስ ልተወው?» ሲል። ሚስቴ እዚያው ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

አዛዡ የሚልከው ታማኝ ሰው ስላላገኘ፣ ግቢውን ለወፍራሙ ቄስ አደራ ብሎ፣ እስረኛውን ራሱ ይዞ ወጣ። ዞሮ እስኪደርስ ወምበሩ በቅሏቸውን አስፈትተው ጠበቁ። አዛዡ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጁ ላይ ቆመ፤ አጋፋሪውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

«እኔም አንተን ጥርስ ያለህ መስሎኝ ነበር» አለ አጋፋሪው።

ሁለቱም ሳቁ፤ ሰላምታቸውም ረጅም ነበር፤ ወምበሩ ማሳል ነበረባቸው።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ቀለለ። ወምበሩ፣ ቃል ያልደረሰው ሰው ቀረ አይባልም ብለው የመረታቱን ፍርድ አነሱ። ንጉሡ ችሎት በተቀመጡበት ቀን አማቼ ቀረበ፤ ዋሱ እስኪመጣ እጁ አይነካ ተባለ። መስቀል አለፈ፤ ጨው ነጋዴው በግመሎቹ ፊት ፊት እየሄደ መጣ፤ ሳያንገራግር ዋስነቱን አመነ፣ ሻጩን ተናገረ፣ ማለ። ወታደሩም ሳይጠሩት ተነስቶ፣ «ይህ ሰው አይሰርቅም፤ በአንድ ሰንሰለት ስንኖር ምንም ሳይሰርቀኝ ሰንብቷል» አለ። ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ይህ ምስክርነት አይባልም ሲሉ ሰማሁ። ለኔ ግን ካነበብኳቸው ክርክሮች ሁሉ ጥሩው ነው። አማቼ ከስርቆቱ ነጻ ተባለ፤ በቅሎዋ ግን ለወታደሩ ጸናች።

እንግዲህ ወዳጆቼ ሲያመሰግኑት የሚውሉትን ወረቀት ወደዚያ አፋፍ ወስጄ አስበዋለሁ። ወምበሩ «ይግባ» ብለው ያስጽፋሉ፤ ማኅተም ይመታበታል፤ አዛዡ ይቀበላል፤ የተጻፈው ይግባ ነው፤ ያስገባዋል። በማግስቱ የአማቼን እጅ በማኅተም ይቆርጡታል። ሚስቴ ወረቀቱ ፊት ቆማ «አቤት» ብትል ወረቀቱ ተመልሶ አይቀመጥም። ስልኩም ቢሆን ያንኑ ቃል ፈጥኖ ያደርሰዋል፤ ስሕተቱ ከምሳ በፊት ይደርስ ነበር ማለት ነው። ሰውን ያተረፈው አንደኛው ሌላውን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ገደል መኖሩ፣ ሌላው ደግሞ በራሱ አፍ «ቃሏ ቃሌ ነው» ለማለት መድፈሩ ነው። ይህን ስናገር ኋላ ቀር ይሉኛል። ይበሉኝ።

የእጁ ነገር ተቋጭቶ ከእንጦጦ ስንወርድ ቀኑ ብራ ነበር። አማቼ ከፊት ሆኖ ቀኝ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ስለ በቅሎዋ ነው። በቅሎዋ ለወታደሩ መመለሷ ግፍ ነው፤ እንደዚያ ያለች በቅሎ አትገኝም፤ ወታደሩ ኮርቻ መጫን አያውቅበትም፤ ነጋዴው ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ በቅሎዋም ትቀር ነበር። ወንዝ ስንሻገር ዝም ይላል ብለን ነበር፤ አላለም። ድሮ ቢሆን ይህን ወሬ ላለመስማት መንገድ እቀይር ነበር። የካ እስክንደርስ አንድም ጊዜ አላቋረጥኩትም፤ ሚስቴም ከኋላችን እየሳቀች፣ «በል፣ ከዚያስ?» ትለው ነበር።